የ11 ወር ልጄን ተቅማጥና ትውከት ይዞታል፣ ቤት ውስጥ "ግግ ነው፣ ይውጣለት" እየተባለ ነው። ሀዋሳ ያላችሁ ምን ላድርግ?

የናቲ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው የምኖረው። ልጄ 11 ወሩ ነው። ከእሁድ ማታ ጀምሮ ያስቀምጠዋል፤ ውሃ ውሃ ነው፣ ደም የለውም። ትናንት ደግሞ ማስመለስ ጨመረበት። ጡት ይይዛል ግን ትንሽ ሳብ ሳብ አድርጎ ይተወዋል፣ ገንፎውን አፉ ላይ አላስደርስ ብሏል። ማታ ማታ ሰውነቱ ይሞቃል። ቀኑን ሙሉ እየዳኸ ቤቱን የሚያተራምሰው ልጅ አሁን ትከሻዬ ላይ ተለጥፎ ሲነጫነጭ ነው የሚውለው።

አማቴ ልጁን ሊያዩ ከገጠር መጥተው እኛ ጋ ናቸው። በጣም የማከብራቸው ሴት ናቸው፣ ሌሊትም ከእኔ እኩል ነው የሚነሱት። ዛሬ ጠዋት አፉን ከፍተው የላይኛውን ድድ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና "ልጄ፣ ይሄ ግግ ነው። ይኸው አብጧል። ካልወጣለት አይድንም" አሉኝ። የምታወጣ ሴት ያውቃሉ፤ ነገ ማልደን እንውሰደው ብለዋል። ባለቤቴ የሱም የወንድሞቹም እንደወጣላቸው እየሰማ ስላደገ "እማዬ የምታውቀው ነገር ቢኖራት ነው" ብሎ ዝም አለ። እኔ ልቤ አልፈቀደም። የህጻን ድድ በብረት ሲፈለፈል ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም፣ እምቢ ብዬ ደግሞ ልጁ ቢብስበት ቤቱ ሁሉ በእኔ ላይ ነው የሚነሳው።

ጎረቤቴ ደግሞ ከፋርማሲ ፍላጅል ሽሮፕ አምጥታልኛለች። እስካሁን አልሰጠሁትም።

የምታውቁ በናታችሁ ንገሩኝ። ግግ የሚባለው እውነት ተቅማጥ ያመጣል? ቤት ምን ልስጠው? ሐኪም ጋ መውሰድ ያለብኝስ መቼ ነው፣ ጤና ጣቢያ ይበቃል ወይስ በቀጥታ አዳሬ ወይም ሪፈራል ሆስፒታል ልሂድ?

ሲስተር ከሀዋሳ፦

እህቴ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ነገ ማልደሽ ውሰጂው፣ ግን ወደዚያች ሴት ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ። እኔ የምሠራው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚታዩበት ክፍል ነው፣ እኛ "አንደር ፋይቭ" የምንለው። በተቅማጥ ልጅ ላይ የሚጨክነው ብዙ ጊዜ ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን አብሮት የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ስለዚህ አሁን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "ከምን መጣ" ሳይሆን "ምን ያህል ውሃ አጥቷል" የሚለው ነው።

ይህን ደግሞ አሁኑኑ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። በጀርባው አስተኚው። ከእምብርቱ ጎን ያለውን የሆዱን ቆዳ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ቆንጠጥ አድርገሽ ያዢና ልቀቂው። ወዲያው እልም ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ውሃ አጥሮታል። ከ2 ሰከንድ በላይ እንደተሸበሸበ ከቆየ ግን አደገኛ ነው፣ እዚያው ቁጭ ብለሽ ይሄን ጽሑፍ አትጨርሺ፣ ልጁን ይዘሽ ተነሺ። አይኑንም እዪ፣ ጎድጉዷል? አናቱ ላይ ያለው እርግብግቢት ወደ ውስጥ ገብቷል? ሲያለቅስ እንባ አለው? ሽንት ከሸና ቆየ? ውሃ በማንኪያ ስትሰጪው ማንኪያውን እየተስገበገበ የሚከተል ከሆነ ጠምቶታል ማለት ነው፣ እሱም የውሃ እጥረት ምልክት ነው።

ሌሊትም ይሁን ቀን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ ጡትም ውሃም መውሰድ ጨርሶ ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከፈዘዘና ስትቀሰቅሺው አልነቃ ካለ። ይህን ካየሽ ወረፋም የሪፈር ወረቀትም አትጠብቂ። አዳሬ ይሁን ሪፈራል ለሰፈርሽ የሚቀርበውን ያዢ። መኪና ካጣሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መንገድ ላይም ቢሆን የሚውጥ ከሆነ ጡቱን አትከልክዪው። ሰገራው ውስጥ ደም ካየሽ ደግሞ ባይፈዝም በዚያው ቀን መታየት አለበት።

እነዚህ ከሌሉ ጤና ጣቢያ ይበቃል። እዚያ ይመዝኑታል፣ የውሃ እጥረቱን ደረጃ ያያሉ፣ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ራሳቸው ይልኩታል። ትኩሳት አለው ስላልሽ የወባ ምርመራ ይደረግለት በይ። ሀዋሳ የወባ አገር ናት፣ ተቅማጥ አለበት ተብሎ ወባው መረሳት የለበትም። የክትባት ካርዱንም ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ግግ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት አልችልም። አማትሽ የዳሰሱት እብጠት ውሸት አይደለም፣ አለ። እሱ ግን በሽታ ሳይሆን ክራንቻ ጥርሱ ነው፤ ድድ ውስጥ ሆኖ እያደገ ያለ፣ ገና ያልወጣ። ክራንቻ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከ16 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በ11 ወር እድሜ የማንኛውም ጤነኛ ልጅ ድድ ሲዳሰስ እዚያ ቦታ ላይ ያበጠ ይመስላል። የሚያወጡት ሰዎች ድዱን ሰንጥቀው አንድ ነጭ ለስላሳ ነገር ያወጡና "ይኸው ትሉ" ብለው ለእናቲቱ ያሳያሉ። ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ የልጁ ጥርስ ነው። ከስሩ ደግሞ የቋሚው ጥርስ መነሻ አለ፣ እሱም አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

ይህ የሚደረገው ንጽህናው በማይታወቅ ብረት ነው። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ቴታነስም ኤችአይቪም በዚያ መንገድ ሊተላለፍ ይችላል። በዚያ ላይ ልጁ አፉ ስለቆሰለ ጡት አልይዝም ይላል፣ በጣም ፈሳሽ በሚያስፈልገው ሰአት ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በተቅማጥ ውሃው ያለቀ ልጅ ደም ጨምሮበት፣ ጡት አልጠባም ብሎ፣ ዘግይቶ ይመጣል።

ከሀረር ሰፈር፦

ሲስተር ያልሽውን አከብራለሁ፣ ግን እውነት ለመናገር የእኔም ወጥቷል፣ የእህቶቼም ወጥቷል፣ ሁላችንም ደህና ነን። እናቶቻችን ዝም ብለው አላደረጉትም። ከወጣ በኋላ ተቅማጡ ቀጥ ማለቱን በአይኔ ያየሁት ነገር ነው፣ የታናሽ ወንድሜን ሲያወጡ ቆሜ ነበር። ለዚህስ ምን ትያለሽ?

ሲስተር ከሀዋሳ፦

ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ብዙ አያቶችም የሚያነሱት ይሄንኑ ነው። አብዛኛው የልጆች ተቅማጥ በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ ልጁ ውሃው ከተተካለት በሳምንት ገደማ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ሰው ደግሞ ግግ ወደሚያወጣ ሰው የሚሄደው በመጀመሪያው ቀን አይደለም፣ ሦስት አራት ቀን ጠብቆ ሲጨንቀው ነው። ከዚያ ይወጣል፣ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ ተቅማጡ ይቆማል። ባይወጣም ይቆም ነበር። አንተ ያየኸው እውነት ነው፣ ያቆመው ግን እሱ አይደለም።

ጥርስና ተቅማጥ አብረው የሚመጡ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ከ6 ወር በኋላ ልጅ ጥርስ ማብቀል ይጀምራል፣ በዚያው ወቅት መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ተጨማሪ ምግብም ይጀምራል፣ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጀርሙ የሚገባው ጥርሱ በሚወጣበት ሰሞን ነው። ጥርሱን ወነጀልነው እንጂ ያመጣው እጅና ውሃ ነው።

ደህና የሆኑትን እናያለን ምክንያቱም ደህና ሆነው ከእኛ ጋር አሉ። ያልዳኑት ደግሞ "ግግ ገደለው" ተብሎ ነው የሚቀበሩት። በነገራችን ላይ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በህጻናት ላይ የሚፈጸም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን በወንጀል ያስቀጣል። ይህን የምለው አማቷን እንድታስፈራራበት አይደለም፣ እሳቸው የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። አገሩ ግን ስለ ጉዳዩ ከወሰነ ቆይቷል።

ፋርማሲ ያለሁ፦

እኔ መድኃኒቱ ላይ ልናገር።

ፍላጅሉን አትስጪው። ፍላጅል ለአሜባና ለጃርዲያ የመሳሰሉት ነው፣ እሱም ተመርምሮ ሲታዘዝ። ደም የሌለው ውሃማ ተቅማጥ ላይ ጥቅም የለውም፣ አፉን ያመርረዋል፣ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋዋል። ጎረቤትሽ በቅንነት ነው ያመጣችው፣ አመስግነሽ አስቀምጪው። ለአዋቂ የሚሰጠውን ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን (ሎፔራማይድ) ደግሞ ለህጻን በጭራሽ፣ አንጀቱን አስሮ ሌላ አደጋ ያመጣል።

የሚያስፈልገው ኦአርኤስ (በከረጢት የሚሸጠው፣ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ለዚህ ይሆናል ሰው የሚንቃቸው። "ኦአርኤስ ሰጠሁት፣ ተቅማጡ አልቆመም" ብሎ መልሶ የሚመጣ ወላጅ ብዙ ነው። ኦአርኤስ ተቅማጥ አያቆምም። የወጣውን ይተካል። አንጀት ጨውን ከስኳር ጋር ሲያገኘው ሁለቱን አብሮ ይቀበላል፣ ውሃውም ተከትሎ ይገባል፤ ተቅማጥ ላይ እያለም ይህ በር አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ በነበሩ የስደተኞች መጠለያዎች ኮሌራ ገብቶ በደም ስር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም ጨውና ስኳር በውሃ እያስበጠበጠ በአፍ ማጠጣት ጀመረ። ቤተሰቦቻቸው ራሳቸው ነበሩ የሚያጠጧቸው። ከመቶ 30 ገደማ ይሞት የነበረው ከመቶ 4 በታች ወረደ። ይሄው ነው እንግዲህ ያ ከረጢት።

አበጣበጡ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። ብዙ ሰው በግማሽ ሊትር ሀይላንድ ሙሉውን ይበጠብጠዋል፤ ያ ጨው ይበዛበታል፣ ልጁን ይጎዳል። ሁለት የግማሽ ሊትር ሀይላንድ፣ ወይም አንድ የሊትሩ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ከበጠበጥሽው በኋላ አታፍዪው፣ ስኳርም አትጨምሪበት፣ ወተት ወይም ሚሪንዳ ውስጥም አትበጥብጪው። ከ24 ሰአት ያለፈውን ድፊውና አዲስ በጥብጪ። ለስላሳ መጠጥ ብቻውንም አትስጪው፣ ስኳሩ በዝቶ ውሃን ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጡን ያባብሰዋል።

ዚንኩ ለሱ እድሜ 20 ሚሊግራም ነው፣ በቀን አንድ ፍሬ፣ ለ10 ቀን። ከ6 ወር በታች ላሉ ግማሹ ነው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ሽሮፕ መስጠት ትችያለሽ፣ ግን በእድሜ ሳይሆን በኪሎው ተሰልቶ ነው፤ በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ24 ሰአት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ጤና ጣቢያ ሲመዘን ኪሎውን ጻፊው፣ ሽሮፑ ስንት ሚሊ እንደሚሆን እነሱ ይነግሩሻል። አስፕሪን አይሰጥም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ታቦር፦

አይዞሽ የኔ እህት። ሙያዊውን ነገር ነግረውሻል፣ እኔ አሰጣጡን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ከረጢቱን ገዝቶ "አልጠጣም አለኝ" ብሎ መተው ቀላል ነው።

በጡጦ አትስጪው። በሻይ ማንኪያ ነው። ጭንሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው፣ አታስተኚው። አንድ ማንኪያ ከንፈሩ ዳር አስጠጊ፣ እስኪውጥ ጠብቂ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚ። ልብ በይ፣ ጠምቶት ጽዋውን ሊነጥቅሽ ይችላል፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ሙሉውን ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ሁሉንም ያስመልስልሻል። ቢያስመልስ 10 ደቂቃ ብቻ አሳርፊውና እንደገና ጀምሪ፣ ከበፊቱ ቀስ እያልሽ። ማስመለስ ማለት ሁሉም ወጣ ማለት አይደለም፣ የተወሰነው ውስጥ ይቀራል። የኔ ልጅ ጊዜ ሲስተሯ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ስጪው ነበር ያለችኝ፣ እኔ በቡና ሲኒ ነበር የምለካው። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ይወዱታል።

ጡቱን ደግሞ እንደውም ጨምሪ። "ጡት ያስቀምጠዋል፣ አቁሚ" የሚልሽ ካለ አትስሚው። ምግቡንም አትከልክዪው፣ እየቆራረጥሽ በትንሽ በትንሹ። ገንፎ እምቢ ካለ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ፣ የሩዝ ሾርባ ሞክሪ። ከዳነ በኋላም ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ስጪው፣ የወረደውን ኪሎ የሚመልሰው እሱ ነው።

አማትሽን በተመለከተ፣ አትሟገቻቸው። የኔም አያት እንደዚያው ነበሩ። "እማማ፣ አብረውኝ ይምጡ፣ ሲስተሯ አፉንም ትየው" በያቸው። ጤና ጣቢያ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ከአንቺ አፍ ሳይሆን ነጭ ጋውን ከለበሰችው ይስሙት። ልጅ ልጃቸውን ለማዳን ነው የመጡት፣ ሥራ ስጫቸው። ባልሽን ግን ዛሬ ማታ ለብቻው አናግሪው። አባት ዝም ሲል ቤት ውስጥ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። "እናትህን አከብራለሁ፣ ልጃችን አፍ ውስጥ ብረት አይገባም" በይው፣ ረጋ ብለሽ፣ ግን ቁርጥ አድርገሽ።

አባ ሳሚ፦

ሁሉም ተብሏል፣ እኔ አንድ ልጨምር። ልጁ ከዳነ በኋላ ውሃውን እዩት። እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ በጄሪካን ነው የምናጠራቅመው፣ ጄሪካኑ ደግሞ ውስጡ ታጥቦ አያውቅም። ውሃ አጋር እንጨምራለን፣ ጠርሙሱ ላይ ባለው ልክ፣ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አንጠጣም። ለህጻኑ ግን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። ዳይፐር ከተቀየረ በኋላና ልጁ ከመመገቡ በፊት እጅ በሳሙና፣ የሚመጣ እንግዳም ይሁን የቤት ሠራተኛ፣ ማንም ቢሆን። ካርዱን ስታወጪ የሮታ ክትባት መውሰዱንም እዪ፣ በ6 እና በ10 ሳምንት በአፍ የሚሰጠው። እኛ አገር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ተቅማጥን በሙሉ አያስቀርም፣ ክፉውን ያቀላል። የ15 ወሩን ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ አሁኑኑ ስልክሽ ላይ ያዢው።

የናቲ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያ ሄደን መጣን። ትናንት ማታ ሆዱን ቆንጠጥ አድርጌ ሳየው ቀስ ብሎ ነበር የሚመለሰው፣ ሌሊቱን በማንኪያ ሳጠጣው አድሬ ገና ሳይነጋ ወጣን። ባለቤቴም አማቴም አብረው መጡ። የውሃ እጥረት አለው ግን ከባዱ አይደለም አሉን፣ ለ4 ሰአት እዚያው አስቀምጠው እያዩን ኦአርኤስ አጠጣነው። ወባ ተመርምሮ ነጻ ነው። ሲስተሯ በአማቴ ፊት ድዱን አይታ "እማማ፣ ጥርሱ ነው፣ ትንሽ ይታገሱትና ራሱ ብቅ ይላል" አለቻቸው። አማቴ ብዙም አልተናገሩም፣ ግን ከዚያ በኋላ ጽዋውንም ማንኪያውንም ይዘው ከእጃቸው አላስለቀቁኝም። ማስመለሱ ቆሟል፣ ተቅማጡ አለ፣ ሽንት ሸንቷል፣ ጡቱንም በደንብ ይዟል።

አሁን የቸገረኝ ዚንኩ ነው። ክኒኑን ሰባብሬ ብሰጠው ፊቱን አጨማዶ ይተፋዋል። ደግሞስ ተቅማጡ ከቆመ በኋላ መቀጠል የግድ ነው?

ፋርማሲ ያለሁ፦

እሰይ፣ እንኳን ደህና ሆነ። ዚንኩን አትሰባብሪው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው። ማንኪያ ላይ ክኒኑን አድርገሽ ከጡትሽ የታለበ ወተት ወይም ኦአርኤስ ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ራሱ ይሟሟል። ጉንጩ ውስጥ ወደ ጎን አድርገሽ ስጪውና ወዲያው ጡት አስከትዪ። በሰጠሽው ግማሽ ሰአት ውስጥ ካስመለሰው ሌላ ፍሬ ድገሚለት። አዎ፣ ተቅማጡ ነገም ቢቆም 10 ቀኑን ጨርሺለት፤ ይህን ተቅማጥ ማሳጠሩ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥሉት 2 እና 3 ወራት ተመልሶ እንዳይዘው ያግዘዋል።

የናቲ እናት፦

በወተቱ ወሰደው! አመሰግናለሁ።